ጠያቂው ለምን ዐዋቂ ይመስላል?

እ.ኤ.አ. በ1977 በታተመ ጥናት የስታንፎርዱ የሥነ ልቦና ምሁር ሊ ሮስ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ የጥያቄና መልስ ውድድር አዘጋጀ። ተማሪዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ዕጣ አወጡ፤ አንዱ ጠያቂ፣ ሌላው መላሽ ሆነ። ጠያቂው ከሚያውቀው ሁሉ ከበድ ከበድ ያሉ አሥር ጥያቄዎች እንዲያወጣ ተነገረው፤ መላሹም አብዛኞቹን ሳተ። እዚህ ድረስ የሚደንቅ ነገር የለም፤ ሌላውን የሚያፋጥጥበት አሥር ጥያቄ የሚያጣ ሰው አይገኝምና። የሚደንቀው ፍርዱ ነው። መላሹ ዕጣው ቢገለበጥ እሱም ጠያቂ ይሆን እንደነበር እያወቀ ራሱን ዝቅ አድርጎ ገመተ። በተከታዩ ሙከራ ውድድሩን ዳር ሆነው ያዩ ሰዎችም ጠያቂውን እጅግ አስበለጡት። ጠያቂው ብቻ ራሱን ከመላሹ ያን ያህል አላስበለጠም።

ሮስ በዚያው ዓመት ይህን ዝንባሌ መሠረታዊ የምክንያት አሰጣጥ ስህተት ብሎ ሰየመው፦ የሌላውን ሰው አድራጎት ስናይ የገባበትን ሁኔታ ዘልለን ጠባዩን እንወነጅላለን ወይም እናወድሳለን። ብዙ ጊዜ ስህተቱ ሁሉንም እኩል እንደሚነካ ተደርጎ ይነገራል። ውድድሩ ግን የሚያሳየው ሌላ ነው፤ ስህተቱ ወንበር ለያዘው ያደላል። ለሥራ ቃለ መጠይቅ የቀረበው አመልካች ሲንተባተብ “አይችልም” ይባላል፤ ጥያቄውን ራሱ የመረጠው ጠያቂ ግን እንደ ሊቅ ይታያል። ባንክ መስኮት ላይ “ሲስተም የለም” የምትለው ልጅ ሰነፍና ግድ የለሽ ተብላ ትሰደባለች፤ ኔትወርኩን በኃላፊነት የያዘው አለቃ ግን ስሙም አይነሳም።

“ታዲያ ጠባይ የሚባል ነገር የለም ማለት ነው?” የሚል አይጠፋም። አለ እንጂ፤ ሁኔታ ግን ሊያሸንፈው ይችላል። በ1973 በታተመ ጥናታቸው ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን በፕሪንስተን የሥነ መለኮት ተማሪዎችን ንግግር እንዲያደርጉ ወደ ሌላ ሕንፃ ላኳቸው፤ ገሚሶቹ የሚናገሩት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነበር። መንገዳቸው ላይ አንድ ሰው በር ሥር ተኮራምቶ ያስላል፣ ያቃስታል። ጊዜ ከነበራቸው 63 በመቶው፣ “ረፍዶብሃል፣ ፍጠን” ከተባሉት ግን 10 በመቶው ብቻ ረዱት። ስለ ሳምራዊው ሊሰብኩ የሚጣደፉት እንኳ ብዙዎቹ አለፉት። ተማሪዎቹ 40 ብቻ ስለነበሩ ቁጥሩን እንደ ሕግ መያዝ አይገባም። ደግሞም እየተጣደፈ የቆመ አለ፤ ጠባይ የሚመዘነው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ያለፉትን ሁሉ ጨካኝ ማለት ግን ችኮላውን ከሒሳብ ማውጣት ነው። ሁኔታን ማየት ጥፋተኛን ነፃ አያወጣም፤ ተጠያቂነቱ የማን ምን ያህል እንደሆነ ለመለካት ግን ሁኔታው መታወቅ አለበት።

“ይህ የግለኞቹ ምዕራባውያን በሽታ ነው፤ እኛ በዕድርና በጉርብትና የምንኖር ነን” የሚለው መከራከሪያ ከባድ ነው፤ ማስረጃም አያጣም። በ1984 የታተመው የጆአን ሚለር ጥናት ሕንዳውያን ጎልማሶች ከአሜሪካውያኑ ይልቅ ሁኔታን እንደሚጠቅሱ አሳይቷል። ቢሆንም ሰላም ሳይል ያለፈን ሰው፣ ሐሳብ ይዞት ይሁን ሳያየን፣ “ኮራብን” ለማለት እኛም አንዘገይም። በ1998 ኮሪያውያንና አሜሪካውያን የተሳተፉበት ጥናትም እንዲሁ ነው፤ የአንድ ጽሑፍ ጸሐፊ አቋሙን ታዝዞ እንደጻፈ እየተነገራቸው ሐሳቡን የራሱ አድርገው ወሰዱት። ኮሪያውያኑ ራሳቸው በተመሳሳይ ትእዛዝ እንዲጽፉ ከተደረገ በኋላ ግን ግምታቸውን አለዘቡ። አሜሪካውያኑ ያንኑ ግዴታ ቀምሰውም እምብዛም አልተለወጡም።