የማማ መብዛት ብቻውን ድምፅ አያጠራም

ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በአንኮበር ተራራማ አገር፣ የስልኩ ምልክት ሙሉ እያለ ድምፅ ሊቆራረጥ ይችላል። የሬዲዮ ሞገድ ውሱን በመሆኑ ማማዎች አንዱን ሞገድ ይጋሩታል፤ ገደል አፋፍ ላይ ደግሞ የሩቁም የቅርቡም ስለሚደርስ አንዱ ሌላውን ያውካል።

ጉዳዩ ከመስኖ ውኃ ጋር ይመሳሰላል። ቦይ ሲያፈስ አንዱን ማሳ ለማጠጣት ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ የሌላው ተራ ያጥራል። ሞገድ ሲታወክም አንዱ ተጠቃሚ ሰፊ ድርሻ ይወስድና ለሌላው ይጎድላል። ስለዚህ ባለሙያዎች እንደ ውኃ አባት ሞገዱን በጊዜ ይደለድላሉ፤ የማማውንም ኃይል ይቀንሳሉ።

በ2006 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የገበሬዎች መስመር 8028 በዘር ወቅት ምክር ለሚጠይቅ ገበሬ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የቀበሌ መሪዎች «ማማ ይተከልልን» ከማለታቸው በፊት ድምፅ የሚቆራረጥበትን ቦታና ሰዓት መዝግበው ለቴሌ ማቅረብ ይኖርባቸዋል። ሥፍራው ሳይጠና የሚጨመር ማማ ሁከቱን ሊያባብሰው ይችላልና።