አዲስ ቤት በለንደን ዙሪያ፤ ከዋጋው ጀርባ ያለው ወጪ
ለንደን እየሠራ በአጎራባቹ የኸርትፎርድሺር ግዛት አዲስ ቤት ሊገዛ ያሰበ ሰው፣ ከሽያጭ ዋጋው ባሻገር ያለውን ወጪ ማስላት ይኖርበታል። ከስቲቭኔጅ ለንደን በፈጣን ባቡር ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ የዓመቱ የባቡር ቲኬት ግን ከባንክ ዕዳው ጋር ይደመራል።

አዲስ ቤት በአብዛኛው የ10 ዓመት ዋስትና አለው። ሆኖም ሠሪው ጉድለቱን የሚያስተካክለው በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ሲሆን፣ ቀሪዎቹ 8 ዓመታት የሚሸፍኑት ከባድ የግንባታ ጉዳትን ነው። ስለዚህ ቁልፍ ሲረከቡ ቤቱን በገለልተኛ ባለሙያ ማስመርመር ያዋጣል።

የመንደሩን መንገድና መናፈሻ የአካባቢው ምክር ቤት ካልተረከበው፣ ጥገናው በየዓመቱ ከነዋሪው ኪስ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ሕግ በአዳዲስ የረጅም ጊዜ የሊዝ ውሎች ላይ የመሬት ኪራይን ቢያስቀርም ይህን ክፍያ አልነካም። የጭማሪውን ጣሪያ ከውሉ ሳያረጋግጡ ቀብድ መክፈል አይመከርም።