አምስት ገዝቶ ሁለት የሚሸጠው ጎተራ

አምስት ኩንታል እህል ገዝቶ ሁለቱን ብቻ የሚሸጥ ነጋዴ ከሰረ ይባላል። በአሜሪካ የዩታ ክፍለ ግዛት፣ ዴልታ በምትባል አነስተኛ ከተማ አቅራቢያ ግን ይህንኑ ስሌት ይዞ ከግማሽ ቢሊዮን ዶላር በላይ ብድር ያገኘ ንግድ አለ። ሸቀጡ ኤሌክትሪክ ነው። ጎተራው ከመሬት በታች የተቦረቦረ የጨው ዋሻ ሲሆን በውስጡ የሚከማቸው ሃይድሮጂን ነው።

በሥፍራው የሚገኘው ኢንተርማውንቴን የኃይል ማመንጫ በ1980ዎቹ በድንጋይ ከሰል 1,800 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተተከለ ነው። ዋነኛ ገዢው የሎስ አንጀለስ ከተማ ነበር። ካሊፎርኒያ ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣችው ሕግ ከከሰል ማመንጫዎች ጋር የረጅም ጊዜ ውል መዋዋልን ከለከለች። ደንበኛው ከሰል አልፈልግም ካለ ሻጩ ሸቀጡን መለወጥ ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ በድምሩ 840 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ፣ የተፈጥሮ ጋዝና ሃይድሮጂን ቀላቅለው የሚያነዱ ተርባይኖች ከሚትሱቢሺ ታዘዙ። ዕቅዱ በ30 በመቶ ሃይድሮጂን ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2045 መቶ በመቶ መድረስ ነው።

ሒሳቡ እንዴት ነው?

በዴልታ የታቀዱት 220 ሜጋ ዋት የሚወስዱ መሣሪያዎች በኤሌክትሪክ ኃይል ውኃን ወደ ሃይድሮጂንና ኦክስጂን ይከፍላሉ። ሌት ተቀን ቢሠሩ በቀን 5,280 ሜጋ ዋት ሰዓት ወስደው 100 ቶን ያህል ሃይድሮጂን ይሰጣሉ። ይህንኑ ሃይድሮጂን ዘመናዊ ተርባይን መልሶ ቢያነደው የሚገኘው 2,000 ሜጋ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። የቀረው በየደረጃው በሙቀት መልክ ይባክናል።

ታዲያ ትርፉ ከየት ይመጣል? መልሱን የእህል ነጋዴ ያውቀዋል። በጥር ከአውድማ የተገዛ ጤፍና በነሐሴ የሚሸጥ ጤፍ ዋጋቸው አንድ አይደለም። በካሊፎርኒያም በመጋቢትና በሚያዝያ እኩለ ቀን ላይ የፀሐይ ኃይል ገበያውን ስለሚያጥለቀልቀው የኤሌክትሪክ የጅምላ ዋጋ ከዜሮ በታች የሚወርድባቸው ሰዓታት አሉ። በነሐሴ ሙቀት፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ ዋጋው ይሰቀላል። ባትሪ ለጥቂት ሰዓታት ያቆያል፤ የጨው ዋሻ ግን ለወራት ያስቀምጣል። ሁለቱ ዋሻዎች እያንዳንዳቸው 5,500 ቶን ያህል እንዲይዙ የታቀዱ ሲሆን፣ ከሞሉ ማመንጫውን በሙሉ አቅሙ ከሳምንት በላይ ሊያስኬዱ ይችላሉ።

የአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ለፕሮጀክቱ የ504.4 ሚሊዮን ዶላር የብድር ዋስትና ሰጠ። በቀጣዩ ዓመት የነዳጁ ኩባንያ ሼቭሮን አብላጫውን ድርሻ ገዛ።

ገንዘብ አውጪው ማየት ያለበት

«30 በመቶ» የሚለው ቁጥር በይዘት እንጂ በኃይል አይደለም። ሃይድሮጂን ቀላል ጋዝ በመሆኑ ከድብልቁ 30 በመቶ ሲይዝ የሚሰጠው ሙቀት 11 በመቶ ያህል ነው። የቀረው የሚመጣው ከተፈጥሮ ጋዝ ስለሆነ ጭሱም የሚቀንሰው በዚያው ልክ ነው።

ሁለተኛው የመጠን ነገር ነው። ማመንጫው በንጹህ ሃይድሮጂን ብቻ ቢሠራ የአንድ ቀን ምርት የሆነውን 100 ቶን ከሁለት ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ሁለቱን ዋሻዎች ለመሙላት ደግሞ 110 ቀን ያለማቋረጥ ማምረት ያስፈልጋል። የሃይድሮጂን ነበልባል ፈጣንና ሞቃት በመሆኑ የናይትሮጂን ኦክሳይድ ብክለትን ለመግታትም ተጨማሪ ወጪ ይጠይቃል።

ሦስተኛው ፖለቲካ ነው። የዩታ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 የከሰል ክፍሎቹ እንዳይፈርሱ የሚያደርግ ሕግ አውጥቷል። የድሮው ሸቀጥ ከሱቁ ጨርሶ አልወጣም ማለት ነው።

ለደላላም ሆነ ለባለሀብት የነገሩ ቁልፍ አንዲት ስሌት ናት። በ10 ሳንቲም የተገዛ ኤሌክትሪክ ተከማችቶ ሲወጣ ቢያንስ 26 ሳንቲም ካልተሸጠ የራሱን ዋጋ እንኳ አይመልስም። የመሣሪያው፣ የዋሻውና የብድሩ ወለድ ከዚያ በላይ ነው። በነፃ ሊባል በሚችል ዋጋ ከተገዛ ግን አምስት ገዝቶ ሁለት መሸጥም ያዋጣል። ፈተናው የሚመጣው ሌሎችም ጎተራ ሲሠሩ ነው። የአውድማው ገዢ ሲበዛ የጥር ዋጋ ይወጣል፣ የነሐሴው ይወርዳል፤ ትርፉም ያለው በሁለቱ መካከል ብቻ ነው።