ወፍራም ግንብ፣ ደካማ ዋይፋይ፦ ለቤት የሚሆን አነስተኛ ስዊች እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ይገጠማል?

ሐረር ከሽቦ ግንኙነት ጋር ያላት ትውውቅ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 የሀገራችን የቴሌኮም ታሪክ ሲጀመር፣ ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ ሐረርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ዝርጋታ ነበር። ዛሬ የብዙ ነዋሪዎች ጥያቄ ከዚያ ይልቅ አጭር ርቀትን ይመለከታል። እስከ ደጃፍ የደረሰው ኢንተርኔት ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል እንዴት ይሻገር?

በተለይ በጀጎል ግንብ ውስጥ ለሚኖሩ ቤተሰቦች ጥያቄው ቀላል አይደለም። የሐረሪ ባህላዊ ቤት፣ ጌ ጋር፣ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ አለው። ይህ ግድግዳ ቤቱን በሙቀት ጊዜ ቀዝቃዛ፣ በብርድ ጊዜ ሞቃት አድርጎ ያቆያል። የዋይፋይ ሞገድ ግን ድንጋይን በቀላሉ አያልፍም፤ ግድግዳው እርጥበት ከያዘ ደግሞ ይብስበታል። በጊድር ጋር፣ ከነደባው አጠገብ የተቀመጠ ራውተር በዚያው ክፍል ላለ ስልክ በሚገባ ሲያገለግል፣ ከግቢው ማዶ ላለ ኮምፒውተር ምልክቱ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል።

ብዙዎች በዚህ ጊዜ የሚወስዱት እርምጃ በየወሩ የሚከፍሉትን የፍጥነት ጥቅል ማሳደግ ነው። ችግሩ ከግድግዳው ከሆነ ግን ተጨማሪው ክፍያ ግድግዳውን አያሳሳውም። ገንዘቡ በየወሩ ይወጣል፤ ማዶ ያለው ተማሪ ግን ያው እንደተቸገረ ይቀራል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በበይነ መረብ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ኮምፒውተርና አስተማማኝ ግንኙነት ለተማሪ ቅንጦት አይደለም። ለዚህ ዓይነቱ ችግር አንድ የኔትወርክ ገመድና አንድ አነስተኛ ስዊች ብዙ ጊዜ በቂ መፍትሔ ይሆናሉ።

ለመሆኑ ስዊች ምንድን ነው?

ስዊች ሲባል ብዙ ሰው የመብራት ማብሪያና ማጥፊያን ያስታውሳል። እዚህ የምንነጋገርበት ሌላ መሣሪያ ነው። በርካታ የኔትወርክ ገመዶች የሚሰኩባት፣ የመጽሐፍ ያህል መጠን ያላት ሳጥን ናት። የገመዶቹ መሰኪያዎች በተለምዶ ፖርት ይባላሉ። ለቤት የሚሆኑት አብዛኛውን ጊዜ ባለ 5 ወይም ባለ 8 ፖርት ናቸው።

አርሶ አደር አንባቢያን በመስኖ ምሳሌ በቀላሉ ይረዱታል። ከወንዝ የተጠለፈው ውኃ በዋናው ቦይ መጥቶ ማከፋፈያው ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደየማሳው ይሄዳል። ከቴሌ የሚመጣው መስመር ዋናው ቦይ ነው፤ ስዊች ደግሞ ማከፋፈያው። ማከፋፈያ የወንዙን ውኃ እንደማይጨምር ሁሉ፣ ስዊችም የተገዛውን የኢንተርኔት ፍጥነት አይጨምርም። ያለውን ሳያባክን ወደሚፈለግበት ያደርሳል።

ስዊች ከተራ ማከፋፈያ የሚለይበት ነገርም አለ። እያንዳንዱ ኮምፒውተር፣ ቴሌቪዥን ወይም ካሜራ ከፋብሪካ ሲወጣ የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። ስዊች የትኛው መለያ በየትኛው ፖርት እንዳለ ከሚያልፈው መልእክት እያየ ይመዘግባል። ከዚያ በኋላ ለአንዱ የመጣውን መልእክት ለእርሱ ብቻ ያደርሳል እንጂ ለሁሉም አይበትንም።

ራውተርና ስዊችም አንድ አይደሉም። ራውተር ቤቱን ከውጭው ኢንተርኔት ጋር ያገናኛል፤ ለእያንዳንዱ መሣሪያም የኔትወርክ አድራሻ ያድላል። ስዊች ግን በቤት ውስጥ ያሉትን መሣሪያዎች እርስ በእርስና ከራውተሩ ጋር ያያይዛል። ስለዚህ ስዊች ብቻውን ኢንተርኔት አያመጣም።

ከመግዛት በፊት

በመጀመሪያ ያለዎትን ራውተር ጀርባውን ገልብጠው ይመልከቱ። ብዙዎቹ ራውተሮችና የፋይበር መቀበያዎች ላን ተብለው የተጻፉ እስከ 4 የሚደርሱ ፖርቶች አሏቸው። በገመድ የሚያገናኙት አንድ ወይም ሁለት ዕቃ ብቻ ከሆነ ስዊች መግዛት ሳያስፈልግዎት ገመድ ብቻ ይበቃዎታል።

ሁለተኛ፣ በገመድ የሚገናኙትን ዕቃዎች ይቁጠሩ። ከስዊቹ ፖርቶች አንዱ ወደ ራውተሩ በሚሄደው ገመድ እንደሚያዝ አይርሱ። ባለ 5 ፖርት ስዊች ለ4 ዕቃ፣ ባለ 8 ፖርት ደግሞ ለ7 ዕቃ ይሆናል። ዛሬ 4 ዕቃ ያለው ቤተሰብ ነገ አንድ ካሜራ ወይም ማተሚያ ሊጨምር ስለሚችል፣ አቅም ከፈቀደ ባለ 8ቱን መምረጥ ይመከራል።

ሦስተኛ፣ በቤትዎ ሥራ ላይ የማይውል አሮጌ ራውተር ካለ አይጣሉት። የላን ፖርቶቹ በውስጣቸው ስዊች ናቸው። አድራሻ የማደል ሥራውን ማጥፋት፣ የራሱን አድራሻ ከዋናው ራውተር የተለየ ማድረግና ገመዱን ዋን ከሚለው ፖርት ሳይሆን ከላን ፖርቱ መሰካት ይበቃል። በማዶው ክፍል ተጨማሪ ዋይፋይም ይሰጣል።

ፍጥነቱ ምን ያህል ይሁን?

በገበያ ላይ በብዛት ሁለት ዓይነት ፍጥነት ይገኛል፤ 100 ሜጋ ቢት በሰከንድና 1000 ሜጋ ቢት በሰከንድ። ሁለተኛው ጊጋ ቢት ይባላል። የቤቱ ኢንተርኔት ከ100 ሜጋ ቢት በታች ከሆነና ዓላማው ኢንተርኔት ብቻ ከሆነ የመጀመሪያው ይበቃል።

በኮምፒውተሮች መካከል ትልልቅ ፋይል የሚያስተላልፍ ሰው ግን ልዩነቱን ወዲያው ያየዋል። የሠርግ ቪዲዮ የሚያዘጋጅ የፎቶ ቤት ባለቤትን እንውሰድ። 10 ጊጋ ባይት ቪዲዮ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ለማሳለፍ በ100 ሜጋ ቢት ስዊች ቢያንስ 13 ደቂቃ ይፈጃል። በጊጋ ቢት ግን ከ1 ደቂቃ ተኩል በታች ሊያልቅ ይችላል። ለዚህ ግን ስዊቹ፣ ገመዱና ሁለቱም ኮምፒውተሮች ጊጋ ቢት መሆን አለባቸው፤ አንዱ ከዘገየ ሁሉም በእርሱ ልክ ይዘገያሉ።

ከታወቁት አምራቾች መካከል ቲፒ-ሊንክ፣ ዲ-ሊንክና ቴንዳ ይገኛሉ። ለቤት የሚበቃው ማስተካከያ የማይጠይቀው ዓይነት ነው፤ ተሰክቶ ወዲያው ይሠራል። የብረት አካል ያለው ሙቀትን የተሻለ ያስወግዳል። አዳፕተሩ ከስዊቹ ጋር አብሮ የመጣ መሆኑን፣ ሁለቱም ላይ የተጻፈው ቮልት አንድ መሆኑን ከሱቁ ሳይወጡ ያረጋግጡ። መሰኪያው ስለገጠመ ብቻ ባለ 12 ቮልት አዳፕተር በባለ 5 ቮልት ስዊች ላይ መሰካት ዕቃውን ሊያቃጥለው ይችላል።

ገመዱ ላይ አይቆጥቡ

ብዙ ሰው ለስዊቹ ተጨንቆ ለገመዱ ግድ የለውም። ለቤት ካት 5ኢ የሚባለው ገመድ በቂ ነው፤ እስከ 100 ሜትር ድረስ ጊጋ ቢት ያስተላልፋል። ጥንቃቄ የሚያሻው በውስጡ ያለው ሽቦ ንጹሕ መዳብ መሆኑ ላይ ነው። አንዳንዱ ርካሽ ገመድ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ቶሎ ይሰበራል፣ በረጅም ርቀትም ይደክማል። የሽቦውን ጫፍ በቢላ ጫር አድርገው ሲያዩት ከመዳቡ ሥር ብርማ ቀለም ከወጣ አሉሚኒየም ነው።

ገመዱ ውስጥ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ጫፉ በሚታሰርበት ጊዜ በብዛት የሚሠራበት ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ። ሁለቱም ጫፎች በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል መታሰር አለባቸው።

ርዝመቱን ለመለካት ሲባጎ ይዘው ገመዱ በሚያልፍበት ማዕዘን ሁሉ ይዙሩ፤ ከዚያም 2 ሜትር ያህል ይጨምሩ። ገመዱን ከኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ አብሮ ማሰር፣ በምስማር መውጋትና በኃይል ማጠፍ አይገባም።

ግንቡን ሳንጎዳ

ሐረር ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ከተማ ናት። ቤቶቿ መኖሪያም ቅርስም ናቸው። ገመድ ለማሳለፍ ተብሎ የቆየ የድንጋይ ግድግዳ መብሳት የማይመለስ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ያለን የኤሌክትሪክ መስመር ቀዳዳ ሳይሆን የበር ወይም የመስኮት ክፈፍ ጠርዝን መጠቀም፣ ገመዱንም በፕላስቲክ መሸፈኛ በጣሪያው ሥር ማሳለፍ ይመረጣል። መብሳት የግድ ከሆነ ደግሞ የክልሉን የባህል፣ ቅርስና ቱሪዝም ቢሮ አስቀድሞ ማማከር ተገቢ ነው።

አገጣጠሙ ደረጃ በደረጃ

1. ስዊቹን ደረቅና አየር የሚያገኝ ቦታ ላይ ያስቀምጡ። ከምድጃና ከውኃ ይራቅ፤ በላዩም ጨርቅ አይደረብ።

2. አንዱን ገመድ ከራውተሩ ላን ፖርት ወደ ስዊቹ ይሰኩ። በተራ ስዊች ላይ የትኛውም ፖርት ይሆናል። ጠበብ ያለውን የስልክ መሰኪያ ከላን ፖርት ጋር አያምታቱ።

3. ኮምፒውተሩን፣ ቴሌቪዥኑንና ማተሚያውን በቀሩት ፖርቶች ይሰኩ፤ ከዚያም አዳፕተሩን ከኤሌክትሪክ ያገናኙ።

4. ከእያንዳንዱ ፖርት ጎን ያለችውን ትንሽ መብራት ይመልከቱ። ከበራች ገመዱ ተገናኝቷል፤ ብልጭ ድርግም ካለች መልእክት እያለፈ ነው። ካልበራች ገመዱን ይቀይሩ።

5. መብራቷ በርታ ኢንተርኔት ከሌለ የኮምፒውተሩን የኔትወርክ አድራሻ ይመልከቱ። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም ማለት ነው። ከራውተር ወደ ስዊች የሚሄደውን ገመድ ይፈትሹ፤ ራውተሩንም አጥፍተው ያብሩ።

አንድ ከባድ ስሕተት አለ። የአንድ ገመድ ሁለቱም ጫፎች በዚያው ስዊች ላይ ከተሰኩ መልእክቱ መውጫ አጥቶ ይሽከረከራል፤ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥም የቤቱ ኔትወርክ በሙሉ ሊቆም ይችላል። መብራቶቹ በሙሉ ያለማቋረጥ በፍጥነት ሲብለጨለጩ ካዩ መጀመሪያ ይህንን ይጠርጥሩ።

ለገጠር ነዋሪዎች

በኤረር፣ በሶፊና በድሬ ጠያራ ወረዳዎች ዶሮ የሚያረቡ፣ ወተት የሚያቀርቡ ወይም የማኅበር መጋዘን የሚጠብቁ አርሶ አደሮች ካሜራ ለመትከል ቢያስቡ፣ ፒኦኢ የሚባለው ስዊች ይጠቅማቸዋል። በዚያው የኔትወርክ ገመድ ለካሜራው ኤሌክትሪክ ስለሚልክ ሌላ የመብራት መስመር መዘርጋት አያስፈልግም። በተለመደው ደረጃ ለአንድ ፖርት እስከ 15.4 ዋት ይሰጣል። ሆኖም ስዊቹ በጠቅላላ ስንት ዋት እንደሚችል መጠየቅ ይገባል።

ርቀቱ ከ100 ሜትር ካለፈ በመሃል ሌላ ስዊች ማስገባት ይቻላል። ከሕንፃ ወደ ሕንፃ በአየር ላይ የሚዘረጋ የመዳብ ገመድ ግን በክረምት ለመብረቅ የተጋለጠ ነው። በዚህ ጊዜ በገመድ አልባ ማገናኛ ወይም በፋይበር መጠቀም ይሻላል። ነጎድጓድ ሲጀምርም መሣሪያዎቹን መንቀል ጥሩ ልማድ ነው።

የመብራት መቆራረጥን በተመለከተ፣ 5 ዋት የሚወስድ ስዊች ወር ሙሉ ሳይጠፋ ቢሠራ የሚፈጀው 3.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው። ይህን ያህል አነስተኛ በመሆኑ ራውተሩንና ስዊቹን በአንዲት አነስተኛ የባትሪ መጠባበቂያ ላይ አንድ ላይ ማሠራት ይቻላል። አንዱን ብቻ በባትሪ ላይ ማድረግ ግን ጥቅም የለውም፤ መብራት ሲጠፋ ከሁለቱ አንዱ ከቆመ ግንኙነቱ ይቋረጣል።

በመጨረሻም፣ ተራ ስዊች የይለፍ ቃል የለውም። ገመድ የሰካ ሁሉ ይገባል። በአንድ ግቢ የሚኖሩ ቤተሰቦች መስመሩን በጋራ ሲጠቀሙ ስዊቹ ማንም በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ፤ የራውተሩም የይለፍ ቃል ከፋብሪካ እንደመጣ አይተው። ከግቢ ውጭ ላሉ ጎረቤቶች ለማከፋፈል ከማሰብ በፊት የአገልግሎት ውሉን ማንበብ ያስፈልጋል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ወር የፍጥነት ጥቅልዎን ከማሳደግዎ በፊት አንድ ቀላል ሙከራ ያድርጉ። ኮምፒውተርዎን ይዘው ከራውተሩ አጠገብ ይቀመጡና በአጭር ገመድ ያገናኙት። እዚያ በደንብ ከሠራ ችግሩ ከግድግዳው ነውና መፍትሔው ገመድና ስዊች ነው። እዚያም ከዘገየ ግን ችግሩ ከመስመሩ ወይም ከጥቅሉ ሊሆን ስለሚችል አገልግሎት ሰጪውን ያነጋግሩ።