አዲስ ሽጉጥ ይሟሻል ወይ?

አዲስ ምጣድ ከገበያ እንደ መጣ ሊጥ አይፈስበትም፤ አስቀድሞ በጎመን ዘር ይሟሻል። አዲስ ሞተር የገዛ ሰውም የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች በዝግታ ይነዳል እንጂ አይጋልብም። ስለ አዲስ ሽጉጥ ግን የብዙ ሰው አሳብ ከዚህ የተለየ ነው። ከሣጥኑ ወጥቶ ብረቱ ሲያብረቀርቅ፥ ፋብሪካውም ስመ ጥር ሲሆን፥ ጥይት አጉርሶ ወገብ ላይ መታጠቅ ብቻ የቀረ ይመስላል። በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች ግን ነገሩን እንዲህ አያዩትም። ሽጉጥ ምናልባት በዕድሜ ልክ አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈለግ መሣሪያ ነውና፥ በዚያች ቅጽበት ከከሸፈ ሌላ ቀጠሮ አይሰጥም። ስለዚህ በሌሊት ዘብ ለሚቆም ፖሊስ፥ የታጠቀው አዲስ ሽጉጥ ይታመናል ወይስ አይታመንም የሚለው ጥያቄ የሕይወት ጥያቄ ነው። ለዚህ ፖሊስ መሣሪያ ሲገዛ የርክክቡን ወረቀት የሚፈርመው ወጣት የመንግሥት ሠራተኛም ከጥያቄው አያመልጥም።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንመልከት። ጥይት ሲተኰስ የባሩዱ ኃይል እርሳሱን ወደ ፊት ያስፈነጥራል፤ የሽጉጡን ላይኛ ተንሸራታች ብረት ደግሞ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ብረቱ ወደ ኋላ ሲሄድ ባዶውን ቀለህ ስቦ አውጥቶ ወደ ውጭ ይጥለዋል። ከዚያም ሞላው ብረቱን መልሶ ወደ ፊት ሲገፋው፥ ከካዝናው አዲስ ጥይት ገፍቶ ያጐርሳል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በዚህ መካከል አንዱ ክፍል ጥቂት የዘገየ እንደ ሆነ፥ ቀለሁ ሳይወጣ ይያዛል፤ ወይም አዲሱ ጥይት አፍንጫው ወደ ላይ ቀንቶ ይቀረቀራል።

እንግዲህ በአዲስ ሽጉጥ ላይ እነዚህ ብረቶች ገና አልተላመዱም። እርስ በርሳቸው በሚፋተጉበት ገጽ ላይ በዓይን የማይታይ ሻካራነት ይኖራል። ሞላው ጠንካራ ነው፤ የካዝናው ሞላም እንዲሁ። በላዩ ላይ የተቀባው ወፍራም ቅባት ብዙውን ጊዜ በመጋዘንና በመርከብ ላይ ዝገት እንዳይበላው የተቀባ ነው እንጂ፥ ለሥራ የሚሆን ዘይት አይደለም። ስለዚህ አንዳንድ ፋብሪካዎች ደንበኞቻቸውን፥ «ከ400 እስከ 500 ጥይት እስክትተኩሱበት ድረስ ብትቸገሩ አይግረማችሁ» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ በደንብ የተሠራ ሽጉጥ ከመጀመሪያው ጥይት ጀምሮ መሥራት አለበት፤ ማሟሸት የሚባለው የደካማ ሥራ መሸፈኛ ነው ብለው ይከራከራሉ። እኔ ሁለተኞቹን ወደ መደገፉ አዘነብላለሁ። ብረት ከብረት መላመዱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከጥቂት መቶ ጥይት የሚገኘው ትልቁ ጥቅም ሽጉጡ መለስለሱ ሳይሆን፥ ጠባዩ መታወቁ ነው።

ይህን ለመረዳት ስሙ ላገራችን ጆሮ እንግዳ ያልሆነውን የኮልት ሽጉጥ ታሪክ ማየት ይበቃል። (ወደ ፊት የሚጠቀሱት ዓመታት፥ የእኛ መሆናቸው ካልተገለጠ በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የአሜሪካ ወታደሮች በፊሊፒንስ ደሴቶች ከሞሮ ተዋጊዎች ጋር በተዋጉ ጊዜ የታጠቁት ባለ .38 ካሊበር ሪቮልቨር ነበር። በዚህ ጥይት የተመታ ተዋጊ ሳይወድቅ ጐራዴውን ይዞ እየደረሰባቸው ተቸገሩ። ከዚህም የተነሣ በ1904 ቶምሰን የተባሉ መኰንንና ላጋርድ የተባሉ ሐኪም ነገሩን መርምረው፥ የሠራዊቱ ሽጉጥ ከ.45 ካሊበር ያላነሰ እንዲሆን አሳብ አቀረቡ። በ1907 ፋብሪካዎች ተጠርተው ሽጉጦቻቸው ተፈተኑ፤ የጀርመኑ የሉገር ሽጉጥም ከተፈተኑት አንዱ ነበር። በመጨረሻ ለፍጻሜ የቀሩት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ሚስተር ጆን ብራውኒንግ የፈለሰፉት የኮልት ፋብሪካ ሽጉጥ፥ ሁለተኛው የሳቬጅ ፋብሪካ ሽጉጥ።

ሁለቱም ወዲያው አልተወደሱም። በመቶ የሚቈጠሩ ሽጉጦች ለወታደሮች ተሰጥተው በሥራ ላይ ሲሞከሩ ጉድለታቸው ታየ፤ ፋብሪካዎቹም እያረሙ፥ እየቀየሩ ዓመታት አለፉ። ሚስተር ብራውኒንግም ሃርትፎርድ ወደሚገኘው የኮልት ፋብሪካ ሄደው የክፍሎቹን አሠራር ራሳቸው ተቈጣጠሩ።

የመጨረሻው ፈተና በማርች 1911 ሆነ። ትእዛዙ ጨካኝ ነበር፤ ከየሽጉጡ 6,000 ጥይት ይተኰሳል። በየ100 ጥይቱ ሽጉጡ አምስት ደቂቃ ይበርዳል፤ በየ1,000 ጥይቱ ይጠረጋል፥ ዘይት ይቀባል፤ ከዚያ በቀር ዕረፍት የለውም። የዚህ ሽጉጥ ካዝና ሰባት ጥይት ብቻ ስለሚይዝ፥ ካዝናው ከ850 ጊዜ በላይ ተሞልቶ ባዶ ሆነ ማለት ነው። 6,000ው ካለቀ በኋላ ደግሞ ሆን ተብለው የተበላሹ፥ እርሳሳቸው ወደ ውስጥ የገባ ወይም ወደ ውጭ የወጣ ጥይቶች ተሞከሩበት። ሽጉጡ በአሲድ ዝጎ ተተኰሰ፤ በአሸዋና በጭቃ ተለውሶ ተተኰሰ። የሳቬጁ ሽጉጥ በፈተናው 37 ጊዜ ሲሰናከል፥ የኮልቱ አንድ ጊዜ እንኳ አልተሰናከለም። ማርች 29 ቀን 1911፥ ማለት በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 20 ቀን 1903 ዓ.ም.፥ ሠራዊቱ ተቀበለው፤ እስከ 1985 ድረስም የአሜሪካ ጦር መደበኛ ሽጉጥ ሆኖ ቈየ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። የዚያ ዘመን የወታደር ኮልት ሲነቀነቅ ይንኳኳል፤ ክፍሎቹ ጥቂት ላላ ተደርገው ስለ ተሠሩ፥ አሸዋና ጭቃ ቢገባበትም ብረቱ መንሸራተቱን አይተውም። በኋላ ዘመን ለዒላማ ውድድር ሲባል ይህንኑ ሽጉጥ እጅግ አጥብቀው የሚሠሩ ሠሪዎች ተነሡ። ጥብቅነቱ ዒላማውን ያሳምራል፤ ነገር ግን ብዙ መሟሸት የሚፈልገው፥ ሲቈሽሽም ቶሎ የሚያኰርፈው ይኸው ጥብቅ ሽጉጥ ነው። ዋጋው የላላውን እጥፍ የሆነ ሽጉጥ በአስተማማኝነት ከላላው ቢያንስ እንግዲህ አይደነቅም።

«ታዲያ ስንት ጥይት ይበቃል?» የሚል ተማሪ ቢኖር፥ የሒሳብ መምህሩ መልስ አላቸው። አንድ ነገር ተደጋግሞ ተሞክሮ አንድ ጊዜም ካልተሰናከለ፥ ሦስትን ለሙከራው ቍጥር ማካፈል ነው። የሚገኘው ቍጥር የመሰናከሉ ዕድል ቢበዛ እስከዚህ ሊደርስ ይችላል ለማለት የሚያበቃ ነው፤ የዚህ አባባል እርግጠኝነትም ከመቶ 95 ያህል ነው። አንድ ሰው 50 ጥይት ያለ እንከን ተኩሶ «ሽጉጤ አይከሽፍም» ቢል፥ ሒሳቡ የሚፈቅድለት «ከመቶ ከስድስት ጊዜ በላይ አይከሽፍም» እንዲል ብቻ ነው። በዚህ መተማመን ድፍረት ነው። 200 ጥይት ከተኰሰ ወደ አንድ ተኩል ይወርዳል፤ 300 ከተኰሰ ወደ አንድ። የ1911ዱ 6,000 ጥይት ግን ከ2,000 አንድ ያደርሳል። ለአንድ ሰው ሽጉጥ 6,000 ጥይት መተኰስ ከሽጉጡ ዋጋ በላይ ያስወጣል፤ ስለዚህ ብዙ የተኩስ አስተማሪዎች ከ200 እስከ 500 ባለው ይስማማሉ። ለአንድ ሺህ ፖሊሶች መሣሪያ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ግን በዚህ ቍጥር ረክቶ መፈረም የለበትም።

ሌላው ሰዎች የሚያደናግሩት ነገር በሽጉጡ ብረት ላይ የተመታው የፈተና ማኅተም ነው። የለንደን ጠመንጃ ሠሪዎች ማኅበር ከ1637 ጀምሮ፥ የቤልጅጉ የሊዬዥ ከተማ የፈተና ቤት ደግሞ ከ1672 ጀምሮ መሣሪያ እየፈተኑ ማኅተም ይመታሉ። በዛሬው የአውሮፓ ደንብ ሽጉጥ የሚፈተነው ከመደበኛው ግፊት 30 በመቶ ያህል በሚበልጥ ጥይት ነው። ነገር ግን ይህ ማኅተም የሚመሰክረው ብረቱ በሰውየው እጅ ላይ እንደማይፈነዳ ነው እንጂ፥ ሽጉጡ እንደማይከሽፍ አይደለም። ብርቱ ሆኖ የሚያኰርፍ ሽጉጥ ሞልቷል።

ፈተና ሁሉ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። በ2017 መጀመሪያ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የሲግ ሳወርን ፒ320 ሽጉጥ መረጠ። በዚያው ዓመት በኦገስት ግን በገበያ የተሸጠው የዚሁ ሽጉጥ ዓይነት ከእጅ ወድቆ ኋላውን በተወሰነ አቅጣጫ መሬት ሲመታ፥ ማንም ምላጩን ሳይነካው ሊተኩስ እንደሚችል ታወቀ። የምላጩ ክብደት ነበር በወደቀበት ኃይል ወደ ኋላ የሚሄደው። ፋብሪካው በነጻ እለውጣለሁ ብሎ አስታወቀ፤ ከለወጣቸው ክፍሎችም አንዱ ቀለል ያለ ምላጭ ነው። ሽጉጡ የሚጠየቀውን የመውደቅ ፈተና አልፎ ነበር፤ በዚያ አቅጣጫ ግን የጠየቀው አልነበረም።

አሁን ወደ ተኩስ ሜዳው እንሂድ። በአገራችን መሣሪያ መያዝ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ የሚያስፈልገው ስለ ሆነ፥ ሙከራውም ለዚህ በተፈቀደ ቦታ ይፈጸማል። በሠርግና በበዓል ቀን ወደ ሰማይ ተኩሶ «አየሁት፥ ይሠራል» የሚል ሰው አንድ ወይም ሁለት ጥይት አባከነ እንጂ ምንም አላወቀም፤ ያ እርሳስ በማን ቤት ላይ እንደሚወርድም አያውቅም።

ሽጉጡ መጀመሪያ ባዶነቱ በዓይንም በጣትም ይረጋገጣል፤ ተፈትቶ የፋብሪካው ቅባት ይጠረጋል፤ መመሪያው በሚያዘው ቦታ ቀጭን ዘይት ይነካል። ጆሮና ዓይን ይሸፈናሉ። ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ግን ደብተር ነው። ካዝናዎቹ 1፥ 2፥ 3 ተብለው ቍጥር ይጻፍባቸው፤ ሽጉጡ በተሰናከለ ቍጥር በስንተኛው ጥይት፥ በየትኛው ካዝና፥ በምን ዓይነት ጥይት እንደ ሆነ ይመዝገብ። ብልሽቱ ሁልጊዜ ካዝና ቍጥር 2 ላይ ከታየ፥ የሚጣለው ካዝናው ነው፤ ሽጉጡ አይከሰስም። በአንድ ፋብሪካ ጥይት ብቻ ከሆነም ጥይቱ ይለወጣል። ተኳሹ ራሱ ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜም ጥቂት አይደለም፤ የእጁን አንጓ ካላጠነከረ ተንሸራታቹ ብረት በቂ መደገፊያ አጥቶ መንገዱን ሳይጨርስ ይመለሳል። ስለዚህ ሌላ ሰው እንዲተኩስበት ማድረግ ጥሩ ነው።

ሁለት ነገር ሕይወት ስለሚነካ ልብ ይባል። ምላጩ ተስቦ ጥይቱ ሳይተኰስ የቀረ እንደ ሆነ፥ ቶሎ ብሎ ማውጣት አይገባም፤ ዘግይቶ የሚተኰስ ጥይት አለና አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞሩ ግማሽ ደቂቃ ያህል መታገሥ ነው። ድምፁ እንደ ወትሮው ሳይሆን የታፈነ እንደ ሆነ ደግሞ እርሳሱ በመካከል ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በላዩ ሌላ ጥይት ቢተኰስበት ሽጉጡ ይፈነዳል፤ ስለዚህ አቁሞ፥ ባዶ አድርጎ፥ ውስጡን መመልከት ግድ ነው።

ማሟሸቱ በርካሽ የልምምድ ጥይት ቢፈጸም አይከፋም። ነገር ግን ሰውየው በሥራ ላይ የሚታጠቀው ጥይት ቅርጹና ኃይሉ የተለየ ከሆነ፥ ከዚያም ጥይት በቂ ያህል፥ በእያንዳንዱ ካዝና፥ መተኰስ አለበት፤ በአንዱ የሠራ በሌላው ላይሠራ ይችላልና። ከጊዜ በኋላም ሞላው ደክሞ የተለወጠ ወይም አንድ ክፍል የተጠገነ እንደ ሆነ፥ የደብተሩ ቍጥር እንደ ገና ከአንድ ይጀምራል።