ከብር መቅለጫ በታች
ለማይክሮዌቭ መሣሪያ የሚሆን ሴራሚክ አተኳኮስ

ሸክላ ሠሪ እንስራ ስትተኩስ የምትፈልገው ጭቃው ጠንክሮ ዕቃ እንዲሆንላት ነው። እንስራው በላዩ ጥቂት ውሃ ቢያዛ አይከፋትም፤ እንዲያውም ውሃው የሚቀዘቅዘው በዚህ ምክንያት ነው። ለማይክሮዌቭ በሚያገለግል ሴራሚክ ግን በውስጡ የቀረ ጥቃቅን ቀዳዳ ሁሉ ጉድለት ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው፥ ይህን ሴራሚክ ያለ ቀዳዳ በዝቅተኛ ሙቀት መተኮስ እንዴት እንደሚቻልና የሚያስከፍለው ዋጋ ምን እንደ ሆነ ነው።

በሴኮንድ 3 ቢሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ሞገድ በአየር ውስጥ ርዝመቱ 10 ሴንቲሜትር ነው። የዳይኤሌክትሪክ ቁጥሩ 43 በሆነ ሴራሚክ ውስጥ ግን ርዝመቱ ለ43 ስኩዌር ሩት ስለሚካፈል ወደ 1.5 ሴንቲሜትር ያጥራል። የሞገድ ማጣሪያን አሳንሶ መሥራት የሚቻለው በዚህ ነው። ከዚህም ሌላ ሴራሚኩ የሞገዱን ኃይል በሙቀት መልክ እንዳያባክን፥ የአየሩ ሙቀት ሲለዋወጥም ጠባዩ እንዳይለወጥ ያስፈልጋል።

ችግሩ የሚጀምረው ከመስመሩ ላይ ነው። ስስ የሴራሚክ ቅጠሎች የኤሌክትሪክ መስመር ታትሞባቸው፥ ተደራርበው ባንድነት ይተኮሳሉ። አሉሚና የሚተኮሰው በ1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ሲሆን፥ ብር የሚቀልጠው በ962 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ከአሉሚና ጋር ሙቀቱን የሚችለው ተንግስተን ይታተማል፤ ነገር ግን የተንግስተን የኤሌክትሪክ እንቅፋትነት ከብር ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። በብር ለመጠቀም ሴራሚኩ በ900 ዲግሪ ገደማ መድረቅና መጥበቅ አለበት።

ሲንተሪንግ ማለት የዱቄቱ ቅንጣቶች ሳይቀልጡ፥ በሙቀት ኃይል አተሞቻቸው እየተዘዋወሩ እርስ በርስ መያያዛቸውና በመካከላቸው ያለው ቀዳዳ መዘጋቱ ነው። ይህን በዝቅተኛ ሙቀት ለማድረግ ፈጥኖ የሚቀልጥ ነገር ይጨመራል። የቦሮን ኦክሳይድ በ450፥ የቫናዲየም ኦክሳይድ በ690 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣሉ። ፈሳሹ በቅንጣቶቹ መካከል ገብቶ ያቀራርባቸዋል፤ ከአንዱ ስፍራ አሟሙቶ በሌላው ያስቀምጣል። እ.ኤ.አ. በ1992 ዓ.ም. ካጋታና የጃፓን ባልደረቦቹ ለቢስሙዝ ናዮቤት ጥቂት የመዳብና የቫናዲየም ኦክሳይድ ጨምረው፥ ቁጥሩ 43 ገደማ የሆነ ሴራሚክ በ900 ዲግሪ አካባቢ እንደ ተገኘ ገልጠዋል።

ዶፒንግ ከዚህ የተለየ ነው። የማቅለጫው ነገር በቅንጣቶቹ ድንበር ይቀራል፤ ዶፓንቱ ግን ወደ ክሪስታሉ ውስጥ ገብቶ የሌላውን አተም ቦታ ይይዛል። ለምሳሌ ታይታኒየም ኦክሳይድ በከፍተኛ ሙቀት ሲተኮስ ጥቂት ኦክሲጅን ያጣል፤ ከዚህ የተነሣ ነጻ የሚሆኑት ኤሌክትሮኖች የሞገዱን ኃይል ያባክናሉ። ቫሌንሱ ሦስት የሆነ አሉሚኒየም በጥቂቱ ሲገባበት ይህ ጉዳት ይቀንሳል።

ዋጋውም እዚህ ላይ ነው። ሥራውን የፈጸመው ፈሳሽ አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜ በድንበሩ መስታወት ሆኖ ይቀራል። መስታወት ደግሞ ቁጥሩ ዝቅተኛ፥ አባካኝነቱ ከፍተኛ ነው። እንደዚሁም ቢስሙዝ ካለባቸው ሴራሚኮች አንዳንዶቹ በሚተኮሱበት ጊዜ ከብሩ ጋር ይዋሐዳሉ፤ ያን ጊዜ ሙቀቱ የተቀነሰለት መስመር ራሱ ይበላሻል።

ስለዚህ አንድ ሴራሚክ በ900 ዲግሪ ጠበቀ ሲባል ብንሰማ፥ በስንት ዲግሪ ጠበቀ ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። ምን ያህል ተጨመረበት፤ ከተተኮሰ በኋላ ምን ቀረበት፤ ብክነቱ ስንት ነው፤ ከብር ጋር ባንድነት ተተኩሶ ተፈትኗል ወይ ብለን ልንጠይቅ ይገባል። ለእነዚህ መልስ ከሌለ፥ የተገኘው ጠንካራ ሸክላ እንጂ የማይክሮዌቭ ዕቃ መሆኑ ገና አልተረጋገጠም።