ጉልበትን ጠብቆ ማርጀት

 

የዛሬው ንግግሬ ስለ ጉልበት ነው። በአማርኛችን ጉልበት ስንል እግራችን የሚታጠፍበትን ቦታም፣ ኃይልንም ማለታችን ነው። አንድ ስም መያዛቸው ያስኬዳል። ሰው ሲያረጅ ኃይሉ መቀነሱ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከተቀመጠበት ሲነሣ ነውና።

እስቲ በቤቴ የሆነውን ላጫውታችሁ። እናቴ 60 ዓመት ሲሞላት እኔና እህቴ ተማከርንና፣ «እማዬ፣ ከእንግዲህ ሥራ ይብቃሽ፤ ቁጭ ብለሽ ተጦሪ» አልናት። ውኃ መቅዳቱን የእህቴ ልጅ ያዘ። ወጡንም ቡናውንም እህቴ ወሰደች። የእናቴ ሥራ መደብ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ መሞቅ ሆነ። ጎረቤቱ ሁሉ መረቀን። እኛም ደስ አለን፤ ለምን አይለን?

ሁለት ዓመት እንዳለፈ ግን ሰው ክንዷን ይዞ ካልሳባት ከመደቡ መነሣት አቃታት። አንድ ሌሊት ብቻዋን ወደ ደጅ ስትወጣ ወደቀችና የእጇ አንጓ ተሰበረ። ለሕክምና ስንወስዳት የጤና ባለሙያው፣ «ቀን ቀን ምን ይሠራሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ኮራ ብዬ፣ «ምንም! እኛ ልጆቿ እያለን ምን በወጣት!» አልኩ። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። «ያደከማቸው ይኸው ነዋ!» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጥንታችንን የሚያንቀሳቅሰው ሥጋ ጡንቻ ይባላል። ጡንቻ ከ30 ዓመት ዕድሜ በኋላ ጥቂት በጥቂት መቀነስ ይጀምራል። ይህ የእርጅና ሥራ ነው፤ ማንም አያመልጠውም። የማይሠራ ጡንቻ ግን ከዚህ እጅግ ፈጥኖ ይመነምናል። እጁ ተሰብሮ የታሰረለት ወጣት፣ እስሩ ሲፈታለት ክንዱ ቀጥኖ አላያችሁም? ጤነኛ አዛውንቶች ለ10 ቀን አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደርጎ ሲለካ፣ ከእግራቸው ጡንቻ 1 ኪሎ ያህል ጎድሎ ተገኝቷል። 10 ቀን ብቻ!

ታዲያ የጎደለው ይመለሳል ወይ? አዎ፣ ብዙው ይመለሳል። በአሜሪካን አገር፣ በቦስተን ከተማ፣ በመጦሪያ ቤት የሚኖሩ 10 አረጋውያን ለ8 ሳምንት እግራቸውን በክብደት እንዲያሠሩ ተደረገ። ከሁሉ የሚያንሰው የ86 ዓመት፣ ትልቁ የ96 ዓመት ሰው ነበር። ዘጠኙ እስከ መጨረሻ ዘለቁ። የእግራቸው ኃይል ከእጥፍ በላይ ጨመረ፤ ሁለቱም ምርኩዝ መያዝ ተዉ። ጥናቱ የታተመው በ1982 ዓ.ም ነው። የእኛው ማሞ ወልዴም በሙኒክ ኦሎምፒክ፣ ጳጉሜ 5 ቀን 1964 ዓ.ም፣ ማራቶን ሮጦ 3ኛ ሲወጣ የ40 ዓመት ሰው ነበር። ሁላችንም ማሞ እንሁን አልልም። ከበርጩማ በራስ መነሣት ግን ይቻላል።

እንዲህ አድርጉ። የማይወዛወዝ በርጩማ ወይም ወንበር ግድግዳ አስጠጉ። ጫማችሁን ሙሉውን መሬት አስረግጣችሁ ተቀመጡ። ቀስ ብላችሁ ተነሡ፤ ቀስ ብላችሁ ተቀመጡ። ዝርግፍ ብሎ መቀመጥ አይጠቅምም፤ ጡንቻው ሲወርድም መሥራት አለበት። ካቃታችሁ እጃችሁን ጭናችሁ ላይ ተደገፉ፣ ወይም ወንበሩን ከፍ አድርጉ። 5 ጊዜ፣ ጥቂት አረፍ፣ እንደገና 5 ጊዜ። ቀጥሎ ግድግዳ ይዛችሁ ተረከዛችሁን እያነሣችሁ በእግር ጣታችሁ ቁሙ። ይህ እንዳትወድቁ ይረዳል። መንገድ መሄዱንም አትተዉ፤ በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ያህል፣ ማውራት የምትችሉበት ግን መዝፈን የሚያቅታችሁ ፍጥነት ይበቃል። ጡንቻ ምግብም ይፈልጋል፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ሲገኝም እንቁላሉና ወተቱ ለልጆች ብቻ አይደለም።

«ጉልበቴን እያመመኝስ?» የሚል ይኖራል። በዕድሜ የመጣ የመገጣጠሚያ ሕመም ብዙውን ጊዜ በልክ ሲንቀሳቀሱ ይቀልለዋል እንጂ አይብስበትም። ጉልበቱ ካበጠና ካቃጠለ፣ ደረት ከጨነቀ ወይም ራስ ካዞረ ግን አቁማችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

እናቴ አንጓዋ ከዳነ በኋላ የጀመረችው በ3 ነው፤ ያውም እየተደገፈች። ቁጥር መጻፍ ስለ ተማረች በየቀኑ ስንት ጊዜ እንደ ተነሣች በደብተሯ ትጽፋለች። ልደግፋት እጄን ስዘረጋ፣ «ተወኝ፣ ቆጠራ ታስተኛለህ» ትለኛለች። ትናንት 12 ብላ ጽፋለች። ቡናውንም መልሳ ራሷ ታፈላለች። ውኃውን ግን አሁንም የሚቀዳው የእህቴ ልጅ ነው፤ መንገዱ ዳገት ነዋ።